ፔዳሉን መቼ ነው የምታነሱት?

ኪቦርድ የሚጫወት ሰው ስለ ፔዳል (በእግር ስለሚረገጠው ሰስቴይን) ስትጠይቁት "ድምፁን ያስረዝመዋል" ይላችኋል፣ ሌላው ደሞ "ያደምቀዋል" ይላል፣ ሁለቱም ውሸት ነው አልልም ግን ሁለቱም ፔዳሉ ድምፁ ላይ የሆነ ነገር የሚጨምር አርገው ነው የሚያስቡት። ከዛ የተነሳ ይመስለኛል ብዙ ሰው መዝሙሩ ሲጀመር ረግጦት መዝሙሩ ሲያልቅ የሚለቀው። ፔዳል ምንም አይጨምርም እኮ! ድምፁን እንዳይቀጥል የሚከለክለውን ነገር ነው ከላዩ የሚያነሳለት፣ በቃ። እሱን አንዴ በአይናችሁ ካያችሁት ሌላው ሁሉ በራሱ ይገባችኋል፣ ስለዚ ከዛ ልጀምር።

የሆነ ቦታ እውነተኛ ፒያኖ ካገኛችሁ፣ ሆቴል ሎቢ ውስጥም ይሁን ትምህርት ቤት ጥግ ላይ አቧራ የለበሰም ቢሆን፣ አስፈቅዳችሁ ክዳኑን ክፈቱት። ቁልፎቹ 88 ናቸው፣ ክሮቹ ግን ከ200 በላይ ናቸው፣ ብዙዎቹ ፒያኖዎች ላይ 230 አካባቢ። ለምን አልገጠመም ካላችሁ፣ ታች ያሉት ወፋፍራም ቤዞች መዳብ የተጠመጠመባቸው ሆነው ለአንድ ቁልፍ አንድ ክር ብቻ ነው ያላቸው፣ ትንሽ ከፍ ስትሉ ሁለት ሁለት ይሆናሉ፣ ከዛ በኋላ እስከ ላይ ድረስ ሦስት ሦስት። ሦስቱም አንድ ድምፅ ላይ የተቃኙ ናቸው፣ መዶሻው ሦስቱንም ባንዴ ነው የሚመታው።

አሁን አንድ ቁልፍ ቀስ ብላችሁ ተጫኑና ውስጡን እዩ። ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። መዶሻው ተወርውሮ ክሩን መትቶ ይመለሳል፣ ጣታችሁ ቁልፉ ላይ ቢቆይም እሱ ክሩ ላይ አይቆይም። እና ደሞ ክሩ ላይ ተኝቶ የነበረ ፌልት የለበሰ ትንሽ ነገር ይነሳል፣ እሱ ነው ዳምፐር ሚባለው። ጣታችሁን ስታነሱ ዳምፐሩ ተመልሶ ይተኛና ክሩን ዝም ያሰኘዋል። እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱን ዳምፐር ብቻ ነው የሚያነሳው። የቀኙን ፔዳል ስትረግጡ ግን ሁሉም ዳምፐሮች ባንዴ ተያይዘው ብድግ ይላሉ፣ ስትለቁ ባንዴ ይወርዳሉ። ይሄ ነው ጠቅላላ ሚስጥሩ። ላይ ላይ ያሉት ወደ 20 የሚጠጉ ቁልፎች ደሞ ጭራሽ ዳምፐር የላቸውም፣ ክራቸው አጭር ስለሆነ ድምፁ ራሱ ቶሎ ይሞታል፣ ማፈን አያስፈልገውም፣ ስለዚ እዛ አካባቢ ፔዳል ረገጣችሁ አልረገጣችሁ ልዩነቱ ትንሽ ነው።

ድምፁ መሞቱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ማሲንቆ ላይ ደጋኑ እስካልቆመ ድረስ ድምፁ አለ፣ መሀል ላይ ከፍ ማረግም ይቻላል፣ ዘፋኝም ትንፋሹ እስኪያልቅ እንደዛው። ፒያኖ ላይ አይቻልም። ከተመታበት ሰከንድ ጀምሮ እየቀነሰ ነው የሚሄደው፣ በእግራችሁም በጣታችሁም ምንም ብታረጉ አንዴ የተመታ ድምፅ ከፍ አይልም። የታችኛው ላ (በሰከንድ 27.5 ጊዜ ነው የሚርገበገበው) ካልታፈነ በጣም ረጅም ጊዜ ይሰማል፣ ላይ ጫፍ ያለው ዶ ደሞ 4186 ጊዜ ይርገበገብና ወዲያው ጠፋ። አንድ ገራሚ ነገር አለ እዚ ላይ፣ ድምፁ የሚጠፋው በእኩል ፍጥነት አይደለም። መጀመሪያ ላይ ቶሎ ይወርዳል፣ ከዛ የሆነ ቦታ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀንሶ ረጅም ጭራ እየጎተተ ይሄዳል። ገብርኤል ዋይንራይክ የሚባል የፊዚክስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው ይሄን ያብራራው፣ ምክንያቱም እነዛ ሦስት ክሮች ናቸው። ሲመቱ አብረው ወደ ላይ ወደ ታች ስለሚሄዱ ብሪጁን (ክሮቹ የተደገፉበትን እንጨት) በጋራ ይገፉታል፣ ጉልበታቸው ቶሎ ወደ ሳውንድ ቦርዱ (ድምፁን ወደ ሚያወጣው ሰፊ ሰሌዳ) ያልቃል፣ ከዛ ግን ቅኝታቸው ውስጥ ባለች ጥቃቅን ልዩነት ምክንያት እርምጃቸው ይለያያል፣ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይጎትታል፣ ብሪጁ ብዙም አይንቀሳቀስም፣ ስለዚ የቀረው ጉልበት ቶሎ አያልቅም። ጥሩ ቃኚ የሰራው ፒያኖ የሚዘምረው በዚች ጭራ ነው።

ሁለተኛው ነገር ደሞ ፔዳል ሲረገጥ የሚከፈቱት የመታችኋቸው ክሮች ብቻ አለመሆናቸው ነው። ይሄን በጆሯችሁ ሞክሩት፣ እውነተኛ ፒያኖ ላይ ግን። መሀል ላይ ያለውን ዶ ድምፅ እንዳያወጣ አርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ተጫኑና ያዙት፣ ዳምፐሩ ተነስቷል ማለት ነው። አሁን አንድ ኦክታቭ ታች ያለውን ዶ ጠንከር አርጋችሁ ምቱና ወዲያው ልቀቁት። ታችኛው ይቆማል፣ ማንም ያልመታው የላይኛው ዶ ግን ሲዘፍን ትሰማላችሁ። የታችኛው ክር ውስጥ የላይኛው ዶ ስላለ ነው፣ ማንኛውም ክር ሲመታ ራሱን ብቻ ሳይሆን እጥፉን ሦስት እጥፉን አራት እጥፉን ይዞ ነው የሚወጣው። ከዛ ዶውን እንደያዛችሁ ታች ያለውን ሲ ምቱ፣ ብዙም አይመልስላችሁም፣ ዘመዱ አይደለም።

እና ፔዳል ረግጣችሁ አንድ ድምፅ ስትመቱ ፒያኖው ሙሉ ዘመድ አዝማዱን ይጠራል። "ያደምቀዋል" ያለው ሰውዬ ያልተሳሳተው እዚ ጋ ነው፣ ድምፁ ሰፋ የሚለው ሌሎች ክሮች ስለሚመልሱ ነው። ርካሽ ኪቦርድ ላይ ይሄ የለም፣ እዛ ላይ ሰስቴይን ማለት የተቀዳው ድምፅ ቶሎ እንዳይቆረጥ ማዘዝ ብቻ ነው። ውድ የሆኑት ዲጂታል ፒያኖዎች ይሄን ነገር በኮምፒውተር ሊያስመስሉት ይሞክራሉ፣ አንዳንዱ ያምራል፣ አንዳንዱ ከሩቅ የሚሰማ ባኞ ቤት ይመስላል።

ታሪኩን ባጭሩ። ፒያኖን የሰራው ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ነው፣ ፍሎረንስ ውስጥ፣ 1700 አካባቢ። እሱ የሰራቸው ሦስት ፒያኖዎች ናቸው እስካሁን ያሉት፣ የ1720ው ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ ነው። ዳምፐር አላቸው፣ ሁሉንም ዳምፐር ባንዴ የሚያነሳ ፔዳል ግን የላቸውም። በኋላ ጀርመን ሀገር ዚልበርማን የሚባል ፒያኖ ሰሪ ይሄን በእጅ የሚሳብ ነገር አረገው፣ በእጅ መሆኑ ደሞ ችግሩ ግልፅ ነው፣ እጅህ ስራ ላይ ነው። ከዛ ወደ ጉልበት ወረደ፣ ከቁልፎቹ ስር ያለ ማንሻ በጉልበት ወደ ላይ የሚገፋ። ሞዛርት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1777 ከአውግስቡርግ ላባቱ በጻፈው ደብዳቤ ላይ የሽታይን ፒያኖዎችን ያመሰግናል፣ በተለይ ይሄን በጉልበት የሚሰራውን ነገር። የሚገርመኝ ያመሰገነበት ምክንያት ነው፣ ትንሽ ሲነካው ይሰራል አለ፣ ጉልበቱን ትንሽ ፈቀቅ ሲያረግ ደሞ ምንም የቀረ ድምፅ አይሰማም አለ። አያችሁ? ሰውዬው የተደሰተው በመቆሙ ነው! ወደ እግር የወረደው እንግሊዝ ሀገር ነው፣ ፒያኖ ሰሪው ብሮድዉድ በ1783 ፔዳል ላይ ፓተንት አወጣ፣ ከዛ በኋላ እግር ስራ አገኘ።

ቤትሆቨን ደሞ በ1801 የጻፈው፣ ሁሉም ሰው "ሙንላይት" የሚለው ሶናታ፣ የመጀመሪያው ክፍል ላይ ሙሉውን ያለ ዳምፐር ተጫወቱት ይላል። ሙሉውን! ዛሬ ያለ ትልቅ ግራንድ ፒያኖ ላይ ይሄን ቃል በቃል ብትታዘዙት ሦስተኛው መስመር ላይ ስትደርሱ ምን እየተጫወታችሁ እንደሆነ ራሳችሁም አታውቁትም። የሱ ዘመን ፒያኖ ቀላል ነበር፣ ክሩን የሚይዘው የብረት ፍሬም የለም፣ ክሩ ቀጭን ነው፣ ድምፁ ቶሎ ይበን ነበር፣ ስለዚ ያለፈው ኮርድ (አብረው የሚመቱ ድምፆች) አዲሱ ላይ እንደ ጥላ ብቻ ነበር የሚያርፈው። ተማሪው የነበረው ቼርኒ ራሱ ቤዙ በተቀየረ ቁጥር ፔዳሉ ይታደስ ብሎ ነው የጻፈው። እኔ እዚ ጋ ከቼርኒ ጋ ነኝ፣ ግን ሙሉ በሙሉ ሳያነሱ ግማሽ ድረስ ብቻ እያነሱ የሚጫወቱ ሰዎች አሉ፣ ስሰማቸው ቤትሆቨን የፈለገው ይሄንን ነው መሰለኝ እላለሁ።

እሺ አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ መቼ ነው የሚነሳው።

ጀማሪ ሰው ማንም ሳይነግረው የሚያረገው፣ ኮርዱን ሲመታ እግሩንም አብሮ ይረግጣል፣ ቀጣዩ ኮርድ ከመምጣቱ በፊት እግሩን ያነሳል፣ ከዛ እንደገና አብሮ ይረግጣል። እጅና እግር አብረው ወረዱ አብረው ተነሱ። ይሄ ለማርሽ ነገር ይሆናል፣ ዳንስ ላይም ቆንጆ ነው፣ ግን ኮርዶቹ መሀል ክፍተት ይፈጠራል፣ በየኮርዱ ትንሽ ዝምታ፣ ሰምታችሁት ታውቃላችሁ፣ የሚነፋረቅ ሰው ትንፋሽ ይመስላል። ትክክለኛው ተቃራኒው ነው፣ እጅ ሲወርድ እግር ይነሳል። አዲሱን ኮርድ በመታችሁበት ቅፅበት ፔዳሉ ተነስቷል፣ ዳምፐሮቹ አሮጌውን ኮርድ ያፍናሉ፣ አዲሱ አይታፈንም ምክንያቱም ጣታችሁ ቁልፎቹን ይዟቸዋል፣ ከዛ ጣታችሁ ሳይነሳ እግራችሁ መልሶ ይወርድና አዲሱን ይይዘዋል፣ አሁን ጣታችሁ ነፃ ነው ወደ ቀጣዩ መሄድ ይችላል። መጀመሪያ ላይ ሰውነታችሁ እምቢ ይላል፣ እጅና እግር በተቃራኒ አቅጣጫ መንዳት ያስጠላል። የሚያዋጣው በጣም ቀስ ብሎ ነው፣ ዶ ኮርድ፣ ፋ ኮርድ፣ ሶል ኮርድ፣ እየቆጠራችሁ፣ "አንድ" ስትሉ እጅ ይወርዳል እግር ይነሳል፣ "ሁለት" ስትሉ እግር ይወርዳል፣ "ሦስት" "አራት" ላይ ጠብቁ። ጆሯችሁ ሁለት ነገር ብቻ ይፈልግ፣ መሀል ላይ ዝምታ አለ ወይ? አሮጌው ኮርድ ቀርቷል ወይ? ዝምታ ካለ ቶሎ አንስታችኋል፣ አሮጌው ካለ ዘግይታችኋል ወይ ደሞ በደንብ አላነሳችሁም።

እግር ላይ ሌላ ነገር፣ ተረከዝ ወለል ላይ ይቀመጣል፣ አይነሳም። የሚሰራው የእግር ፊት ነው፣ እሱም ከፔዳሉ ጋ አይለያይም፣ ሲነሳም አብሮት ነው የሚነሳው። ከላይ እየወረደ ዱም ዱም የሚያረግ ሰው አለ፣ ማይክ ካለ ያ ሁሉ ይቀዳል። በተረፈ ፔዳሉ ከላይ እስከ ታች ሙሉ ስራ አይሰራም፣ መጀመሪያ ትንሽ ባዶ መንገድ አለው ምንም የማያነሳ፣ ከዛ ዳምፐሮቹ ከክሩ የሚላቀቁባት ጠባብ ቦታ አለች፣ ከዛ በታች ያለው ትርፍ ነው። ጎበዞቹ የሚኖሩት በዛች ጠባብ ቦታ ላይ ነው፣ ፌልቱ ክሩን ጫር ጫር እያረገው፣ ሙሉ ያልታፈነ ሙሉ ያልተለቀቀ። እያንዳንዱ ፒያኖ ላይ ቦታዋ ይለያያል፣ አዲስ ፒያኖ ፊት ስትቀመጡ መጀመሪያ በእግራችሁ እሷን ፈልጉ።

አሁን የኛ ጉዳይ። የምዕራቡ የፒያኖ መፅሀፍ ሁሉ የሚላችሁ ኮርዱ ሲቀየር ፔዳል ቀይሩ ነው። እሺ፣ ግን ቅኝት ስትጫወቱ ኮርድ ላይኖር ይችላል፣ ዜማው ነው ያለው፣ አንድ ቤዝ ተይዞ ከላይ ዜማው የሚሄድበት ብዙ ነው፣ ያኔ በምን ነው የምትቀይሩት? ለኔ መልሱ ቅኝቱ ውስጥ ነው ያለው።

ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ እየተጫወታችሁ ፔዳሉን ረግጣችሁ ያዙት፣ እንደፈለጋችሁ ተመላለሱበት፣ ለአንድ ደቂቃ አትልቀቁት። ምንም አይበላሽም፣ እንደውም ያምራል፣ ልጅም ቢነካካው ያምራል። ያ ማለት ከፋ ሻርፕ የተነሳ ትዝታ ነው፣ ሙሉው ትዝታ። ከዶ ስንነሳ ዶ ሬ ሚ ሶል ላ ነው፣ እርስ በርሳቸው ግማሽ ድምፅ ብቻ የሚራራቁ ሁለት ጎረቤቶች ውስጡ የሉም። ስለዚ የሚጋጭ የለም፣ ፔዳሉ ሁሉንም አንድ ላይ ቢያከማቸው ሰላም ነው።

አሁን ደሞ አምባሰል። ዶ፣ ሬ ፍላት፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ ፍላት። ፔዳሉን እንደዛው ይዛችሁ ተጫወቱት። ሁለተኛዋ ድምፅ ላይ አለቀ! ዶ እና ሬ ፍላት ተጠባብቀው ተቀምጠዋል፣ መሀል ላይ ያለው ዶ በሰከንድ 261.6 ጊዜ ይርገበገባል፣ ከጎኑ ያለው 277.2፣ ሁለቱ አብረው ሲጮሁ የልዩነታቸው ያህል በሰከንድ 15 ወይ 16 ጊዜ ድምፁ ከፍ ዝቅ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጆሯችን ያንን ሻካራ አርጎ ነው የሚሰማው። ሶል እና ላ ፍላትም ጋ ያው ነው። አንቺ ሆዬ ላይም ሁለት ቦታ አለ፣ ዶ ከሬ ፍላት፣ ፋ ከሶል ፍላት። ባቲ (ዶ ሚ ፋ ሶል ሲ ስትሉት) ሚ ከፋ፣ ሲ ከዶ። ግማሽ ትዝታ ላይ ሬ ከሚ ፍላት፣ ሶል ከላ ፍላት።

ስለዚ እኔ የምከተለው ህግ፣ ህግ ማለት ከበደ ለኔ የሰራልኝ ነገር፣ እነዛ ጥብቅ ጎረቤቶች ጋ ስደርስ እግሬ ይነሳል። ዜማው ከሬ ፍላት ወደ ዶ ሲያርፍ ዶው ላይ አድሳለሁ፣ ሬ ፍላቷ እንዳትቀር። የሚያምረው ነገር ምን መሰላችሁ፣ አምባሰል ልብ የሚያርድበት ቦታ በትክክል እዛ ጋ ነው፣ ሬ ፍላቷ ትንሽ ዘግይታ ዶው ላይ ስትቀልጥ፣ ሙልጭ አርጋችሁ ብታፀዱት ደረቅ ይሆናል፣ ብትተዉት ይቆሽሻል። ግማሽ ፔዳል ለዛ ነው የተፈጠረው ማለት ይቻላል። ትንሽ ትቅር፣ ግን ስትጠፋ ትሰማ። እና ታች ቤዝ አካባቢ ሁሉም ነገር ይብሳል፣ መሀል ላይ የሚያምር ሦስተኛ ኢንተርቫል (እንደ ዶና ሚ) ሁለት ኦክታቭ ታች ሲወርድ ጭቃ ነው፣ ስለዚ ግራ እጅ ታች ካለ ኦክታቭ ወይ አምስተኛ (እንደ ዶና ሶል) ይበቃዋል፣ የቀረውን ወደ ላይ አውጡት። (በነገራችን ላይ ፒያኖ 12ቱን ድምፆች እኩል ነው የሚከፋፍለው፣ ክራር በጆሮ ሲቃኝ ግን እኩል አይከፋፈልም፣ ስለዚ ፒያኖ ላይ ያለው አምባሰል ከክራሩ አምባሰል ጋ በትክክል አይገጥምም፣ ይሄ ሌላ ጊዜ ራሱን የቻለ ጭቅጭቅ ነው።)

ክራር ካነሳን አይቀር፣ ክራር ተጫዋቾች ሁሉንም ክር ባንዴ እየመቱ ሲጫወቱ የግራ እጃቸውን ጣቶች አይታችሁ ታውቃላችሁ? የማይፈልጉትን ክር ከኋላ በጣት ይዘው ያፍኑታል፣ እንዲሰማ የሚፈልጉትን ይለቁታል። ያ ማለት ዳምፐር ነው፣ በአምስት ጣት። ፒያኖ ላይ የተለየው ነገር እግር ለሁሉም አንድ ላይ መወሰኑ ነው፣ ክራር ላይ ለእያንዳንዱ ክር ለየብቻ ይወሰናል፣ እኔን ከጠየቃችሁኝ ክራሩ የተሻለ ቁጥጥር አለው።

ፒያኖ ተጫዋቿን መነኩሴ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ያልሰማ ካለ ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ሀገር ነው የመጀመሪያው ሸክላቸው የታተመው፣ በ2006 ደሞ ኢትዮፒክስ በሚባለው የአልበም ተከታታይ 21ኛው ላይ ስራቸው ሲወጣ አለም በሙሉ ሰማቸው፣ ረጅም ጊዜ ኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም ኖረው መጋቢት 2023 በ99 አመታቸው አረፉ። ብዙ ሰው ስለሳቸው ሲያወራ ስለ ህይወታቸው ነው የሚያወራው፣ እኔ ግን እግራቸውን ስሙ እላለሁ። የግራ እጁ ቤዝ ይያዛል፣ ቀኝ እጅ ላይ እነዛ ፈጠን ፈጠን ያሉ ጌጦች አሉ፣ እንደ ዜማ ንዝረት የሚንቀጠቀጡ፣ ለኔ ጆሮ ጌጦቹ እያሉ ትንሽ ድብልቅልቅ እንዲል ይተዉታል፣ ዜማው ሲያርፍ ግን ያረፈበት ድምፅ ጥርት ብሎ ብቻውን ይቀራል። ምቱም እኩል አይሄድም፣ ድምፁ እስኪቀንስ የሚጠብቁ ይመስላሉ፣ ቀጣዩ ሀረግ የሚመጣው ያለፈው ሲበቃው ነው። ፒያኖ ተጫዋቹን ግርማ ይፍራሸዋን ደሞ ከሳቸው ቀጥላችሁ ስሙ፣ ሶፊያ፣ ቡልጋሪያ የተማረ ሰው ነው፣ ቅኝቱ የኛ ሆኖ ፔዳሉ በጣም የፀዳ ነው፣ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ ማድረግ ካስር ክላስ ይሻላል።

ፔዳል የፒያኖ ብቻ አይደለም ደሞ። ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወተው ቫይብራፎን ስር ረጅም ፔዳል አለ፣ አይታችሁታል ግን ልብ አላላችሁትም ይሆናል። ከአሉሚኒየም ሰሌዳዎቹ ስር ፌልት የለበሰ ረጅም ዘንግ ተጠግቶ ይይዛቸዋል፣ ሲረገጥ ዘንጉ ይርቃል፣ ድምፁ ይለቀቃል። ያው ፒያኖው ነው። ቫይብራፎን ተጫዋች ግን አንድ ፒያኖ ተጫዋች የሌለው ነገር አለው፣ ፔዳሉን እንደረገጠ አንዱን ሰሌዳ ብቻ በመምቻው ራስ ነካ አርጎ ሊያፍነው ይችላል፣ ሌላው ይቀጥላል። ለነዛ ጥብቅ ጎረቤቶች ከዚ የተሻለ መፍትሄ የለም፣ ሬ ፍላቷን ለብቻዋ ዝም ማሰኘት።

ስለ ሌሎቹ ሁለት ፔዳሎች ብዙ አልልም። የግራው ግራንድ ፒያኖ ላይ ቁልፎቹን በሙሉ ከነመዶሻቸው ትንሽ ወደ ቀኝ ያንሸራትታል፣ ሦስት ክር ያላቸው ላይ መዶሻው ሁለቱን ብቻ ይመታል፣ ያልተመታው ሦስተኛው ከሌሎቹ ጉልበት እየተቀበለ በተቃራኒ ስለሚሄድ ድምፁ መቀነሱ ብቻ ሳይሆን ያቺ ያልኳችሁ ረጅም ጭራ ጎልታ ትሰማለች። አፕራይት (ቀጥ ብሎ የሚቆመው ፒያኖ) ላይ ግን ይሄ ሁሉ የለም፣ መዶሻዎቹን ወደ ክሩ ያስጠጋቸውና ምቱ ይደክማል፣ በቃ። የመሀለኛው ግራንድ ላይ ስታይንዌይ በ1874 ፓተንት ያወጣበት ነው፣ በረገጣችሁበት ሰዓት በጣት ተይዘው የተነሱ ዳምፐሮችን ብቻ እንደተነሱ ያስቀራቸዋል፣ ቤዙን ይዛችሁ ከላይ ያለውን ደረቅ አርጋችሁ መጫወት ትችላላችሁ። አፕራይት ላይ ያለው የመሀል ፔዳል ብዙ ጊዜ መዶሻና ክር መሀል የፌልት መጋረጃ የሚያወርድ ነው፣ ኮንዶሚኒየም ለሚኖር ሰው ከሦስቱ ጠቃሚው እሱ ነው።

አብዛኞቻችሁ ኪቦርድ ላይ ናችሁ፣ ስለዚ የኪቦርዱን ጣጣ ልናገር። ትልቁ ችግር ፔዳሉ ሳይሆን ፓዱ (ከስር የሚደረበው ለስላሳ፣ የማይቋረጥ ድምፅ) ነው። ቸርች ውስጥ ሁሉም ሰው ፒያኖ ድምፅ ላይ ስትሪንግ ወይ ፓድ ደርቦ ነው የሚጫወተው፣ ያምራል፣ እኔም እወደዋለሁ። ግን አስቡት፣ ፒያኖው ፔዳል ቢረገጥም በራሱ እየሞተ ይሄዳል፣ ፓድ ግን አይሞትም፣ ፔዳሉ እስከተረገጠ ድረስ የነካችሁት ድምፅ ሁሉ በሙሉ ድምፁ ይቀጥላል። ቀኝ እጃችሁ አምስት ድምፅ ዜማ ከተጫወተ አምስቱም አሉ፣ አንዳቸውም አልቀነሱም፣ ፒያኖው ላይ የማይሰማ ስህተት ፓዱ ላይ ጎልቶ ይጮሃል። ሳውንድ ማኑ ኪቦርዱ ጮኸ ብሎ ይቀንሰዋል፣ እናንተ አልሰማም ብላችሁ ትጨምራላችሁ፣ ችግሩ ግን ቮሊዩም አይደለም። ብዙ ኪቦርዶች ላይ ለእያንዳንዱ ሌየር (የተደረበ ድምፅ) ሰስቴይን ለብቻ የሚጠፋበት ሴቲንግ አለ፣ ፓዱ ላይ አጥፉትና ፓዱን በጣት ብቻ ያዙት። ሴቲንጉ ከሌለ ፓዱን ታች ላለው ግማሽ ብቻ ስፕሊት አርጉት፣ ግራ እጅ ኮርድ ይይዛል፣ ዜማው ፓዱን አይነካውም። ቤዝ ጊታር ካለ ደሞ ግራ እጃችሁን ከታች አውጡ፣ እናንተ በፔዳል የያዛችሁት ዶ ላይ እሱ ወደ ላ ሲሄድ ጥፋተኛው እሱ አይደለም።

አዳራሹንም አትርሱት። ግድግዳው ባዶ ብሎኬት ጣሪያው ቆርቆሮ የሆነ አዳራሽ ራሱ ፔዳል ነው፣ ያውም የማይነሳ። ልምምድ ቤት ውስጥ ልክ የነበረው ፔዳል እዛ ሲሄድ ይበዛል፣ ሰው ሞልቶ ሲቀመጥ ደሞ ይሻላል ምክንያቱም ልብስ ድምፅ ይጠጣል፣ ስለዚ ሳውንድ ቼክ ላይ የወሰናችሁት ላይ ሙጭጭ አትበሉ።

ፔዳሉ በተቃራኒ ከሰራባችሁ፣ ማለትም ሳትረግጡት የሚይዝ ስትረግጡት የሚለቅ ከሆነ፣ አልተበላሸም። ፔዳል ውስጥ ያለው ስዊች አንዳንድ ኩባንያዎች ሲረገጥ የሚገናኝ አርገው ይሰሩታል ሌሎቹ ሲረገጥ የሚለያይ፣ የአንዱን ፔዳል የሌላው ኪቦርድ ላይ ስትሰኩ ነው የሚገለበጠው። ብዙዎቹ ኪቦርዶች ሲበሩ ነው ፔዳሉን የሚያዩት፣ ስለዚ መጀመሪያ አጥፉት፣ ፔዳሉን ሰኩ፣ እግራችሁን አንሱ፣ ከዛ አብሩት። የፔዳሉ ሆድ ስር መቀየሪያ ያለውም አለ። ያቺ አራት ማዕዘን ላስቲክ ነገር ደሞ ሴራሚክ ላይ እየተንሸራተተች የምታስሮጣችሁ ከሆነ ስኮች ለጥፉባት፣ ወይ እንደ ፒያኖ ፔዳል ረዘም ያለውንና ከበድ ያለውን ግዙ። ትንሿ የምታውቀው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ነው። በሚዲ (ኪቦርድና ኮምፒውተር በሚነጋገሩበት) ቋንቋ ሰስቴይን ቁጥር 64 ላይ ነው የሚላከው፣ ከ0 እስከ 127፣ 63 ድረስ ያለው ጠፍቷል ከ64 ጀምሮ በርቷል ተብሎ ነው የሚነበበው፣ ትንሿ 0 ወይ 127 ብቻ ነው የምትልከው፣ ግማሽ ፔዳል የሚያውቅ ፔዳልና ኪቦርድ ከሆነ ግን በመሀል ያለውን ሁሉ ይልካል ይቀበላልም።

እና ኮምፒውተር ላይ የምትቀዱ ከሆነ ይሄን አርጉልኝ፣ አንድ የምታውቁትን መዝሙር ወይ ዘፈን በሚዲ ቅዱና ፒያኖ ሮሉን (የተጫወታችሁት ድምፅ በመስመር የሚታይበትን) ከፍታችሁ ከስሩ የፔዳሉን መስመር አውጡት። ኮርዶቹ የሚጀምሩበትንና ፔዳሉ የሚወርድበትን አስተያዩ። ፔዳሉ በየኮርዱ ልክ ኮርዱ ላይ ተነስቶ ትንሽ ቆይቶ ከወረደ ጥሩ ነው። ከኮርዱ ቀድሞ ከተነሳ ያ የምትሰሙት ክፍተት እዛ ነው። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቀጥ ያለ አንድ መስመር ካያችሁ ደሞ፣ እንግዲህ ከላይ ካለው የእጅና የእግር ልምምድ ጀምሩ፣ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 50 ላይ አርጋችሁ።